የዊንተርበርን አልቃሽ

ኖማሊዞ ባሏን ከቀበረች ወዲህ አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣትም። በቀብሩ ቀን የሉቼኒ መንደር ሴቶች ሲጠብቋት ዋሉ። በሬው ታረደ፣ ቄሱ ሰበኩ፣ ጉድጓዱ ተሞላ፤ እሷ ግን ፍራሿ ላይ ግድግዳ ተደግፋ፣ የማታውቀው ሰው ለቅሶ የመጣች ይመስል ቁጭ እንዳለች ቀረች። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» የሚል ሰው እሷን አላያትም። አንጀቷስ ነበረ፤ የጠፋው እንባው ነው። ሐዘን ላይ መሆኗን እንኳ የሚያስታውሳት ልብሷ ነበር። ጠዋት ስትነሳ ወንበሩ ላይ የተንጠለጠለውን ከል ታይና «እህ፣ አዎ» ትላለች። ትለብሰዋለች። ከዚያ ውሃ ትጥዳለች።

ይህ ለሌላ ሴት የራሷ ጉዳይ ሆኖ በቀረ ነበር። ኖማሊዞ ግን በእንባዋ የሚያድሩ ሰዎች ነበሯት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮማኒ ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው በላይ፣ አንድ የድንጋይ ቤት አለ። በሩ ላይ «የዊንተርበርን ፋውንዴሽን» ተብሎ ተጽፏል። የገጠሩ ሰው ግን እንዲያ ብሎ ጠርቶት አያውቅም፤ «የለቅሶው ቤት» ነው የሚለው። ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። ዊንተርበርን የሚባለው የሱፍ ነጋዴ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት፣ የእኛን አባቶች በግ እያሸለተ ሲከብር ኖሮ ሞተና ሀብቱን ሁሉ ለሚስቱ ለኢዲት ተወላት። ልጅ አልነበራትም። ዓይኗም ሞራ ጋርዶት ማንበብ አትችልም። ችግረኛው በጓሮ በር እየገባ እፊቷ ቆሞ ችግሩን በቃሉ ይነግራታል። ካስለቀሳት ትሰጠዋለች። ካላስለቀሳት ሻይ አጠጥታ ትሸኘዋለች። ስትሞትም ገንዘቡ ድሆችን ሲረዳ እንዲኖር ተናዘዘች፤ ኑዛዜዋ ላይም «ጉዳዩ በቃል ይነገር፣ ልብም ይፍረድ» የሚል ቃል አስገባች። ጠበቆቹ ቃሉን እንዳለ ወሰዱት። የአንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት ልማድ እንዲህ ሆኖ ሕግ ሆነ።

እውነቱን ለመናገር፣ ያ ቤት ብዙ በጎ ሠርቷል። ክሊኒክ ከፍቷል፣ ድልድይ አሠርቷል፣ የስንቱን ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ከፍሏል። በዚያ በክፉው የዘር መድልዎ ዘመን እንኳ፣ ነጮቹ ባለአደራዎች በጥላቸው እየደነገጡ፣ ልጇ የታሰረባት አንዲት እናት እፊታቸው ወድቃ ብታለቅስ ለእስረኛ ቤተሰብ ገንዘብ እንዲሰጥ ፈርመዋል። ፖለቲካው አልገባቸውም፤ እንባው ነው የገባቸው። ኋላ ዘመኑ ሲለወጥ አንድ የተማረ ሊቀ መንበር መጣና «ለቅሶ ኋላ ቀርነት ነው፣ ከእንግዲህ በነጥብ ነው» አለ። ጉዳዩን በነጥብ እያስለካ አንድ ዓመት ሠራ። በዚያ ዓመት የሚጠጣ ውሃ ለሌለው መንደር የቴኒስ ሜዳ ተሰጠው፤ ጠያቂው ነጥብ አሞላል ያውቅ ነበርና። በዓመቱ ሊቀ መንበሩ ሄደ፣ ለቅሶው ተመለሰ። እስከ ዛሬም ባለአደራዎቹ በሚሰየሙበት ቀን በእያንዳንዳቸው ፊት የተተኮሰ ነጭ መሐረብ ይቀመጣል። እስከ ዛሬም «ሻይ ይምጣላቸው» ከተባለ ነገሩ አበቃ ማለት ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ማኅበር፣ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱ አልቃሽ አለው። የሉቼኒ የአረጋውያን ቤት አልቃሽ ኖማሊዞ ነበረች። ሥራዋ ሽማግሌዎቹን ማጠብና ማብላት ነው፤ ግን ወደ ኮማኒ የሚሄደው ሰው ሲመረጥ ከእሷ ሌላ ስም ተነሥቶ አያውቅም። ደግሞ አታስመስልም ነበር፤ ይህ ይታወቅላት። ትናንት ያጠበችውን ሽማግሌ ገላ ስታነሳ እውነት ያለቅሳታል። ብቻ ከዓመት ዓመት እንባው መንገዱን ለመደ፤ የት ላይ ዝም ማለት፣ የት ላይ ድምፅ ዝቅ ማድረግ እንዳለባት ማንም ሳይነግራት አወቀች።

ዘንድሮ የፋውንዴሽኑ ቀን ሲቃረብ፣ የአረጋውያኑን ቤት የሚያስተዳድረው ሉንጊሳ ኮፍያውን በእጁ ይዞ መጣ። የኖማሊዞ አማት ማምቤሌ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይለቅማሉ። ኖማሊዞ ከውስጥ፣ ከበሩ ጀርባ፣ ምንጣፏ ላይ ነበረች።

«እማማ ማምቤሌ፣ ልጅዎን ልለምንዎ ነው የመጣሁት።»

«ልጄንማ ቀበርኩት እኮ። አንተም አፈር መልሰሃል።»

«ኧረ ምራትዎን ማለቴ ነው!»

«ምራቴ ከል ላይ ናት። ከል የለበሰች ሴት ሰው ፊት ቆማ አትናገርም፣ የሰው እጅ አትጨብጥም፣ ጀንበር ሳትጠልቅ ቤቷ ትገባለች። እናትህ ይሄን ሳታስተምርህ ነው ያሳደገችህ?»

«አስተምራኛለች እማማ። ግን ፋውንዴሽኑ ዘንድሮ እምቢ ካለን ቤቱ ይዘጋል። ብርዱ ሳይወጣ ይዘጋል። ሌሎቹን እንግዲህ አንዱ የወንድም ልጅ፣ አንዱ የአክስት ልጅ ይወስዳቸዋል። ታታ ፓካሚሌን ማን ይወስዳቸዋል? ዓይን የላቸው፣ ዘመድ የላቸው። የት ላድርጋቸው?»

ማምቤሌ እጃቸውን ከባቄላው አነሱ። «ፓካሚሌ ሠርጌ ላይ የዘፈነ ሰው ነው» አሉ። እጃቸውን ወደ ባቄላው መልሰው ደግሞ፦ «ሌላ ሰው ላክ። አንተ አፍ የለህም?»

«ሄጄ ነበር እኮ፣ ያን ጊዜ እሷ የታመመች ጊዜ። ባለአደራውን ሚስተር ኮልበርንን እንቅልፍ ወሰዳቸው። እግዜር ያሳይዎ፣ አንኮራፉ!»

ማምቤሌ ሳቅ አመለጣቸውና አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ሲስቁ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

ከበሩ ጀርባ ኖማሊዞ «እንባ የለኝም» አለች።

«መንገድ ላይ ይመጣል» አለ ሉንጊሳ።

«አይመጣም።»

«እሺ ሽንኩርት እይዛለሁ።»

«ዝም በል አንተ ባለጌ!» አሉ ማምቤሌ። ወደ በሩ ዞረውም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ማኮቲ፣» አሉ፤ እኛ ዘንድ ምራት ፀጉሯ ቢሸብትም እንደ ሙሽራ «ማኮቲ» እንደተባለች ነው የምትኖረው፤ «ማኮቲ፣ ሂጂ። ግን ቆመሽ አትናገሪ፣ ወንበር ይስጡሽ። ጀንበር ሳትጠልቅም ግቢ። የቀረውን እኔ ከሞቱት አባቶቻችን ጋር እነጋገራለሁ።»

ኖማሊዞ «እሺ» አለች። ደስ አላላትም፣ አልከፋትም።

አማቷ የማያውቁት አንድ ነገር ነበር። ማንም አያውቀውም። ባሏ ምቡይሴሎ የሞተው ጠዋት ላይ ነው፣ ከእሷ በቀር ሰው ሳይኖር። የወርቅ ማዕድኑ አቧራ ሳንባውን በልቶት ሲጨርስ። ማምቤሌ ያን ቀን ከዘመድ ቤት እየሮጡ ደርሰው «ምን አለ? ልጄ መጨረሻ ላይ ምን አለ?» ብለው ጠይቀዋት ነበር። ኖማሊዞ «ተኝቶ ነበር» አለቻቸው። ለመዋሸት አልነበረም። ያቺ ጠዋት ገና እጇ ላይ ነበረች፤ አንድ ቀን፣ ሰውነቷ ሲመለስላት፣ ከእናቱ ጋር ቁጭ ብላ ልታካፍላቸው አስባ ነው። የሷ ብላ የያዘችው ያንን ብቻ ነው። ልብሱን ወንድሞቹ ተከፋፍለውታል፤ ከማዕድኑ ይከፈላል የተባለው ካሳም ገና ወረፋ ላይ ነው።

በቀኑ የሉንጊሳ አሮጌ ፒካፕ ውስጥ ገብተው ኮማኒ ወረዱ። አዳራሹ እንደ ሁልጊዜው ቀዝቃዛ ነው። ግድግዳው ላይ ኢዲት ዊንተርበርን የማታይ ዓይኗን አፍጥጣ ተሰቅላለች። ባለአደራዎቹ ከረጅሙ ጠረጴዛ ኋላ ተደርድረዋል። መሐል ላይ አዲሷ ሊቀ መንበር ዶክተር ዞድዋ፣ የዚሁ አገር ልጅ፣ ባሕር ማዶ የተማረች። ከጎኗ ሚስተር ኮልበርን፣ ከግማሽ ዕድሜያቸው በላይ እዚያ ወንበር ላይ ያሳለፉ ሽማግሌ። ፋውንዴሽኑ ዘጠና ዓመት ሊሞላው ስለሆነ ታሪኩ በመጽሐፍ ሊወጣ ነው ተብሎ፣ አንዲት ጸሐፊ ጥግ ላይ ተቀምጣ የሚባለውን ትይዛለች።

ከኖማሊዞ በፊት የገባው የመስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት አልቃሽ ነበር። ለቅሶው በሩ ድረስ ተሰማ። ዓይኑ አብጦ፣ ፊቱ ፈክቶ ወጣ። «አልፏል!» አለ፤ ሉንጊሳን አቅፎም ጀርባውን መታ መታ አደረገው።

ለኖማሊዞ ወንበር ተሰጣት። በዚያ ቤት ጠያቂ ሲቀመጥ ታይቶ አያውቅም፤ ሚስተር ኮልበርን ቅንድባቸውን አነሱ፣ ዶክተር ዞድዋ ግን ከሉን አይታ ገባት። ኖማሊዞ ጀመረች። ስለ ታታ ፓካሚሌ ተናገረች። ጠዋት ጠዋት ፊቷን በመዳፋቸው ሲዳስሱ «ማን ነሽ ዛሬ?» እንደሚሏት፣ ያለፈው ክረምት ጓደኛቸው ሲሞት ባዶውን አልጋ እየዳበሱ ስሙን ሲጠሩ እንዳደሩ። ቃሉ አንድ አልጎደለም። ዓምና ቢሆን ይሄ ወሬ ጠረጴዛውን ያስለቅስ ነበር። አሁን ግን ከአፏ የሚወጣው የአየር ትንበያ ይመስል ነበር፤ ራሷም እየሰማችው «ምን ያህል ደረቅ ነው» አለች በልቧ። መሐረቦቹ እንደታጠፉ ናቸው። የሚስተር ኮልበርን ሽፋሽፍት መውረድ ጀመረ።

ስትጨርስ ዶክተር ዞድዋ ቀና ብላ «እናመሰግናለን፣ እናቴ» አለች በትህትና። «ከሩቅ ነው የመጡት። ሻይ ይምጣላቸው።»

በሩ አጠገብ የቆመው ሉንጊሳ ግድግዳውን ተደገፈ። ኖማሊዞ አየችው። ታታ ፓካሚሌ መኪና ላይ ሲጫኑ፣ ማን ቤት እንደሚወስዷቸው ሳያውቁ «ማን ነሽ ዛሬ?» ሲሉ ታያት። ልቧ ሊሰማው ይገባ ነበር። አልተሰማውም። ማወቅ ብቻ አወቀችው።

ሻዩ ሳይደርስ ዶክተር ዞድዋ ጎንበስ አለች። ይሄኛው እንደ ሊቀ መንበር ሳይሆን እንደ አገር ልጅ ነበር። «ይቅርታ እናቴ፣ ሳልጠይቅዎ። ማንን ነው?»

«ባለቤቴን።»

«እግዚአብሔር ያጽናዎት። ከማዕድን ነው?»

«አዎ፣ ሳንባው ነው።»

«እንዴት አረፉ?»

ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሰዎች በሙሉ አዩዋት። ሚስተር ኮልበርን ዓይናቸውን ገለጡ። ኖማሊዞ እዚህ ቤት ለስንት ዓመት ተመላልሳለች፤ በር ሲከፈት ታውቀዋለች። አሁን ተከፍቷል። የሚያስገባውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ለእናቱ ነው ያስቀመጠችው። «ተኝቶ ነበር» ብትል ሻዩ ይመጣል። ካላለች ታታ ፓካሚሌ አልጋቸው ላይ ያድራሉ። ከባድ ይሆናል ብላ ጠበቀች። ጨው ከመደርደሪያ እንደማውረድ ሆኖ አገኘችው።

«ጠዋት ነበር» አለች። «ሌሊቱን ሲታነቅ አድሮ ትንሽ ተኛ። እሳት ላነድ ወጥቼ ስመለስ ቆሞ አገኘሁት። መቆም ከተወ ቆይቷል። የሥራ ሸሚዙን ለብሶ ቁልፉን ሊቆልፍ ይታገላል፣ ጣቱ እምቢ ብሎታል። ‹ፈረቃዬ አለፈኝ፣ ሊፍቱ ጥሎኝ ይወርዳል› አለኝ። ከማዕድን ከተባረረ ዓመታት አልፈዋል። ቀረብኩና ሸሚዙን እቆልፍለት ጀመር። አንዷን ቆለፍኩ። ሁለተኛዋን ቆለፍኩ።»

እዚህ ላይ ዝም አለች። ዝም ማለት ያለባት እዚህ ላይ እንደሆነ ታውቃለች። ማወቋንም አወቀች።

«ከዚያ ‹ምቡይሴሎ፣ ዛሬ እኮ እሁድ ነው› አልኩት። ማክሰኞ ነበር። ‹እሁድ ነው?› አለኝ። ‹እሁድ ነው።› ‹ሥራ የለም?› ‹የለም፣ ተኛ።› ፊቱ እንደ ልጅ ፊት በራ። ‹ተመስገን› ብሎ ሸሚዙን እንደለበሰ ጋደም አለ። ወደ ግድግዳው ዞረ። ሻይ ይዤ ስመለስ አልነበረም።»

የመጀመሪያዋ አልቃሽ ጸሐፊዋ ነበረች። ቀጥሎ ዶክተር ዞድዋ፣ ባሕር ማዶ የተማረችው፣ መሐረቡን ዘርግታ ፊቷን ቀበረችበት። አባቷ ማዕድን ሠራተኛ እንደነበረ ኋላ ተሰማ። ሚስተር ኮልበርን እንደ ሕፃን ነፈረቁ፤ የሳቸውን መሐረብ ጨርሰው የጎረቤታቸውን ወሰዱ። በዚያ ክፍል ውስጥ ዓይኗ ደረቅ የሆነ ሰው ኖማሊዞ ብቻ ነበረች። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንዲጨርሱ ጠበቀቻቸው።

የአረጋውያኑ ቤት ድጋፍ ለሦስት ዓመት ተፈቀደ። እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አያውቅም። በር ላይ ሚስተር ኮልበርን እጃቸውን ሊዘረጉ ሲሉ ከሉ ትዝ ብሏቸው መልሰው ሰበሰቡት።

«ወይዘሮ፣» አሉ ድምፃቸው እየተሰበረ፣ «እዚህ ቤት ውስጥ ብዙ ሰምቻለሁ። እንደዚህ ያለ አልሰማሁም። ያቺ እሁድ የታሪክ መጽሐፋችን ውስጥ ብትገባ ይፈቅዱልናል? ኢዲትም ብትኖር ትወደው ነበር።»

«ይሁን» አለች ኖማሊዞ። እምቢ የምትልበት ምክንያት ፈልጋ አጣች። ሰጥታዋለች እኮ።

ሉንጊሳ መንገዱን ሁሉ እየዘፈነ ነዳ። መሐል ላይ ዘፈኑን ያቆምና መሪውን በጡጫ ይመታል። «ሽንኩርት እይዛለሁ አልኳት! ሽንኩርት! እኔ ደደብ!» ይላል። «ቆይ ግን፣ በሦስት ዓመቱ ስንመለስ ይቺኑ ብትደግሚላቸውስ? ወይስ ይለምዱታል?» ዘፈኑንም ቀጠለ። ኖማሊዞ በመስኮቱ ሜዳውን ታያለች። በጎች ነበሩ፣ አጥር ነበር፣ ደግሞ በጎች።

ሉቼኒ ሲደርሱ ጀንበር ገና ከኮረብታው በላይ ነበረች። ማምቤሌ ግቢው ውስጥ ቆመው ይጠብቃሉ። ሉንጊሳ ሞተሩን ሳያጠፋ ዘሎ ወረደ።

«እማማ! ሦስት ዓመት! ሦስት ዓመት ሰጡን! ታታ ፓካሚሌ እዚያው አልጋቸው ላይ ይሞታሉ፣ ይመስገነው!»

«እልልል!» አሉ ማምቤሌ። «አለቀሰች?»

«ኧረ ምን አልቅሳ! እሷ እንደ ድንጋይ፣ እነሱ እንደ ጎርፍ! ያ የእሁዱ ነገር ነው የጨረሳቸው። ሸሚዙን ስትቆልፍለት፣ ‹እሁድ ነው› ስትለው፣ እኔ ራሴ፣ ወንዱ ልጅ...»

ማምቤሌ እልልታቸውን ዋጡ። «የምን እሁድ?» አሉ።

ሉንጊሳ አንዴ እሳቸውን አንዴ ኖማሊዞን አየ። ገባው። ኮፍያውን አድርጎ ሽማግሌዎቹ እንደሚጠብቁት ተናገረና ሄደ።

ማምቤሌ ገብተው ምንጣፉ ላይ፣ የምራታቸው ቦታ አጠገብ ተቀመጡ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። «ተኝቶ ነበር ብለሽኝ» አሉ ብቻ። «ነይ ተቀመጪ። አሁን ለኔ ንገሪኝ። ልጄ ምን አለ?»

ኖማሊዞ ተቀመጠች። አሁን ይመጣል ብላ አሰበች፤ እዚህ፣ ከእናቱ ጋር፣ መሆን የነበረበትም እንዲህ ነው።

«ጠዋት ነበር» አለች። «ሌሊቱን ሲታነቅ አድሮ ትንሽ ተኛ። እሳት ላነድ ወጥቼ ስመለስ ቆሞ አገኘሁት። ቁልፉን ሊቆልፍ ይታገላል። ቀረብኩና እቆልፍለት ጀመር። አንዷን ቆለፍኩ። ሁለተኛዋን ቆለፍኩ።»

ዝም አለች።

 ማምቤሌ እጃቸውን ጉልበቷ ላይ አሳረፉ።

«ተይ፣ ልጄ» አሉ። «ለነሱ እንደነገርሻቸው አትንገሪኝ። እንደሆነው ንገሪኝ።»

ኖማሊዞ ዓይኗን ጨፍና ፈለገች። ክፍሉን፣ ጭሱን፣ የጣቱን ቅዝቃዜ፣ የሸሚዙን ሽታ። አዳራሹ ነው የመጣላት፤ ረጅሙ ጠረጴዛ፣ ሚስተር ኮልበርን። ማምቤሌ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ። ደጅ ጀንበሯ ገባች።

«ጠዋት ነበር» አለች እንደገና።